ሃምሳ ዘጠነኛ የወጣው ማን ነው?



ሯጮቻችን ሲያሸንፉ «አሸነፍን» እንላለን። ዋናተኛችን ሲሸነፍ ግን «ተሸነፈ» እንላለን። በድሉ ላይ ሁላችንም አለንበት፤ በሽንፈቱ ላይ ሰውየው ብቻውን ይቀራል። ይህ አነጋገር ልክ ነው ወይ? በዛሬው ጽሑፋችን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

ነገሩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሞኑን በየመኝታ ክፍሉ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ፎቶግራፉ የዋናተኛው የሮቤል ኪሮስ ነው። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ይሳደባል፤ አንዳንዱም «ኧረ ተዉት እባካችሁ!» ይላል። ክርክሩ እስከ ምግብ ቤት ሰልፍ ድረስ ደርሷል። ክርክር መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሳቅ አልፎ ወደ ቁም ነገር ቢደርስ የበለጠ ይጠቅመናል ብለን ብዕራችንን አነሣን።

እስቲ በመጀመሪያ የሆነውን እንደ ሆነው እናስቀምጠው። ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጄኔሮ ኦሊምፒክ፣ ሮቤል በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ፣ ማለትም ፍሪስታይል በሚባለው የዋና ዓይነት ተወዳደረ። የፈጀበት ጊዜ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ነበር። ከ59 ዋናተኞች 59ኛ ሆነ። የርቀቱ አሸናፊ አውስትራሊያዊው ካይል ቻልመርስ በፍጻሜው የገባው በ47.58 ሰከንድ ነው። ልዩነቱ ከ17 ሰከንድ ይበልጣል፤ በአጭር ርቀት ዋና ይህ አንዱ ደርሶ ፊቱን ሲጠርግ ሌላው ገና መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። የውጭ ጋዜጦች የሰውነቱን አቋም አይተው «ዓሣ ነባሪው ሮቤል» የሚል ስም አወጡለት። በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ላይ ባንዲራችንን ይዞ የገባው እርሱ ስለ ነበር አገር ቤት ያለውም ሰው ይበልጥ ተቆጣ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ አባቱ የኢትዮጵያ ውሃ ዋና ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት መሆናቸው ተሰማ። ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሰው!

በዚያው በሪዮ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ አልማዝ አያና 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጣ በዓለም ክብረ ወሰን ወርቅ አገኘች። አንድ ቡድን፣ አንድ ባንዲራ ነው፤ እርስዋ ከዓለም ፊት፣ እርሱ ከሁሉ ኋላ። ምን ለያቸው? ወኔ ነው እንዳንል ሮቤል እንደሚቀደም እያወቀ ውሃው ውስጥ ገብቶ እስከ መጨረሻው ዋኝቷል። አገሩ ሁሉ በሚሮጥበት ምድር እርሱ ዋናን የመረጠው የተለየ ነገር ለመሥራት ፈልጎ መሆኑንም ለጋዜጠኞች ተናግሯል። በእኛ አስተያየት ልዩነቱ ያለው ከሁለቱ በስተኋላ ነው።

ከኢትዮጵያዊ ሯጭ በስተኋላ ማን እንዳለ ለማወቅ የአርሲዋን በቆጂን መመልከት ይበቃል። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በለጋ ዕድሜያቸው ያለፉት በአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እጅ ነው። እኒህ ሰው ማን ነበሩ? የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር! ልብ በሉ ጓደኞቻችን፤ እንደ እኛው ጠመኔና ፊሽካ የያዘ መምህር ማለት ነው። ከእርሳቸው በላይ ደግሞ ክለቡ አለ፤ ውድድሩ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈው ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ የተከማቸ ልምድ አለ። ሯጩ ሲሮጥ ይህ ሁሉ ከኋላው ይገፋዋል።

ከዋናተኛው በስተኋላስ? እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ ሙሉዓለም ግርማና ያኔት ሥዩም በ50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ተወዳደሩ። በ2016 ሮቤል ተከተለ። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ አብዱልማሊክ ሙክታር፣ በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ ሊና ዓለማየሁ ዋኙ። ሮቤል ሪዮ የደረሰው ሰዓት አሟልቶ አይደለም፤ በዋና ወደ ኋላ ለቀሩ አገሮች በሚሰጥ የግብዣ ቦታ ነው። ግብዣው የተፈጠረው ስፖርቱ በየአገሩ ሥር እንዲሰድ ታስቦ ነው። እኛ ግን በየአራት ዓመቱ አንድ ሁለት ሰው ልከን፣ ውጤቱን ሰምተን፣ ስቀን እንረሳዋለን። ሥሩን የተከለ የለም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው አይደለም እንዴ?

አሁን ደግሞ ሮቤል የዋኘባትን አገር ብራዚልን እንመልከት። ብራዚል በኦሊምፒክ ዋና የመጀመሪያውን ሜዳልያ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ነው፤ ቴትሱዎ ኦካሞቶ በ1,500 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ነሐስ ወሰደ። አበበ ሮምን ባስደነቀበት በ1960 ማኖኤል ዶስ ሳንቶስ በ100 ሜትር ነሐስ ጨመረ። በ1992 ባርሴሎና ላይ፣ የእኛዋ ደራርቱ በ10,000 ሜትር ወርቅ ባጠለቀችበት ኦሊምፒክ፣ ጉስታቮ ቦርጄስ በ100 ሜትር ብር አገኘ። የመጀመሪያው ወርቅ የመጣው ግን በ2008 ቤጂንግ ላይ ነው። ሴዛር ሲዬሎ 50 ሜትርን በ21.30 ሰከንድ ዋኝቶ አሸነፈ። በዓመቱ ሮም ላይ 100 ሜትርን በ46.91 ሰከንድ፣ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ሳኦ ፓውሎ ላይ 50 ሜትርን በ20.91 ሰከንድ በመዋኘት ሁለት የዓለም ክብረ ወሰኖች ሰበረ። ከመጀመሪያው ነሐስ እስከ መጀመሪያው ወርቅ ስንት ዓመት ሆነ? 56 ዓመት! ያ ሁሉ ዘመን ገንዳው፣ ክለቡና አሠልጣኙ አንዱ ለሌላው ሲያስተላልፉ የኖሩበት ነው።

«ብራዚል ባሕር አላት፤ እኛ የለንም» የሚል አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። ኦካሞቶ የማሪሊያ፣ ሲዬሎ የሳንታ ባርባራ ዶ ኤስቴ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከተሞች ከባሕር የራቁ፣ በሳኦ ፓውሎ ግዛት መሃል አገር የሚገኙ ናቸው። እንግዲህ ዋናተኛን የሚያወጣው ባሕር ሳይሆን ገንዳና አስተማሪ ነው። ባሕር ቢሆን ኖሮ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ኦሊምፒክ በገባ ነበር።

በነገራችን ላይ ኋላ የቀረ ሁሉ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ የኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒ 100 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ ዋኝቶ ዓለምን አስቋል። ዋናን የተማረው ከውድድሩ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በሆቴል ገንዳ ነበር። ያ ሰው ኋላ የአገሩ የዋና ቡድን አሠልጣኝ ሆነ። የተሳቀበት አስተማሪ ሆነ ማለት ነው፤ እኛን የሚመለከተን ይህኛው ነው።

ነገር ግን ለሮቤል ጥብቅና ቆመን ሁሉንም ነገር ልናለባብስ አንፈልግም። ሕዝቡ ስለ ምርጫው የጠየቀው ጥያቄ ተገቢ ነው። የፌዴሬሽኑ መሪ ልጅ ሲላክ «በምን ተመረጠ?» ብሎ መጠየቅ የዜጋ መብት ነው። ጥያቄው ግን በሰውየው ሆድና ወገብ ላይ መሳለቂያ ከሆነ መልስ አያስገኝም። መልሱ የሚገኘው ውድድሩ ከታች ሲጀምር ነው። ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከጋምቤላ፣ ከእኛም አካባቢ ልጆች በግልጽ ተወዳድረው፣ ሰዓታቸው ተጽፎ፣ የቀደመው ቢላክ የማን ልጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ ባልኖረ። 59ኛ ወጥቶ ቢመለስ እንኳ «የእኛው ነው» ብለን በተቀበልነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጭሮ ለተቀመጥነው ለእኛ ምናችን ነው? ምን አገናኘን ከሪዮ? ትሉ ይሆናል።

ብዙ ያገናኘናል። ነገ ተመርቀን የምንመደበው በእነዚህ በጨርጨር ተራሮች ላይና በቆላው ነው፤ ሂርና፣ በደሳ፣ ገለምሶ፣ መቻራ፣ ቁኒ፣ አሰቦት፣ ሚኤሶ። በእነዚህ አካባቢዎች ልጅ ውሃ የሚያገኘው ቧንቧ ከፍቶ ብቻ አይደለም። ጀሪካን ይዞ ወንዝ ይወርዳል፤ ከብት ይዞ ገበሬው ለዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ከቆፈረው ኩሬ ይሄዳል። የኩሬው አፍ ጭቃ ነው፤ ያንሸራትታል፤ ጥልቀቱም ከላይ አይታይም። በደጋው ሲዘንብ ደግሞ በቆላው ደረቅ የነበረው ወንዝ በድንገት ይሞላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው እንዲያው ለወግ አይደለም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በውሃ ሰጥመው ሞተዋል፤ ከአራቱ አንዱ ያህል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ከእኛ ሩቅ ባልሆነችው በድሬዳዋም በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እርግጥ እንዲህ ያለውን ጎርፍ ሲዬሎም ቢሆን በዋና አያሸንፈውም። እዚያ ላይ የሚያድነው ከወንዙ መራቅን ማወቅ ነው። ይህም ቢሆን ትምህርት ነው፤ አስተማሪ ይፈልጋል።

በኩሬውና በረጋው ውሃ ላይ ግን ዋና ነፍስ ያድናል። ነፃ ቀዘፋ ሲባል እጅና እግርን እንደ ልብ ማንፈራገጥ የሚመስለው አለ። አይደለም። የመጀመሪያው ትምህርት ፊትን ውሃ ውስጥ አግብቶ ትንፋሽን ቀስ እያሉ ማስወጣት፣ ቀጥሎም ሳይደነግጡ በጀርባ መንሳፈፍ ነው። ክንድ መወርወሩ፣ ወደ ጎን ዞሮ መተንፈሱ፣ በእግር መምታቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። እንግዲህ አስተውሉ፤ የኦሊምፒኩ ዋናተኛ የመጀመሪያ ትምህርትና የኩሬው ዳር ልጅ ሕይወት የሚተርፍበት ትምህርት አንድ ነው። አንዱን ያስተማረ ሁለቱንም ጀምሯል።

እኛ ዋናን እንዴት ተማርነው? ሁለተኛ ደረጃ ሳለን በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ አራቱ የዋና ዓይነቶች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተዘርዝረውልን ነበር፤ ነፃ ቀዘፋ፣ የጀርባ፣ የደረትና የቢራቢሮ። በደብተራችን ገለበጥን፤ ተፈተንን፤ አለፍን። ውሃውን ግን አላየነውም። ዋና በጠመኔ! ከመካከላችን መዋኘት የሚችሉት በልጅነታቸው ወንዝ ውስጥ ራሳቸውን ያስተማሩት ብቻ ናቸው። እኛም በተራችን ያንኑ ዝርዝር ለሚቀጥለው ትውልድ ልንገለብጥ ነው? ሪዮ ላይ 59ኛ የወጣው እኮ ይህ አስተማማራችን ጭምር ነው።

«የሚጠጣ ውሃ በሌለበት አገር ስለ መዋኛ ገንዳ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነት አለው። እናቶች ለአንድ ጀሪካን ውሃ ረጅም መንገድ በሚጓዙበት ቀበሌ ገንዳ ይሠራ ብለን አንከራከርም። የምንጠይቀው ግን ሌላ ነው። ውሃ ፍለጋ ሩቅ የሚሄደው ልጅ ነው ከውሃ ጋር ብቻውን የሚገናኘው። ስለዚህ የውሃ ትምህርት ከከተማው ልጅ ይልቅ ለእርሱ ይቀድማል።

በዚህ መሠረት ሦስት ሐሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የሰውነት ማጎልመሻ ሠልጣኞች ከመመረቃቸው በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደ መዋኛ ገንዳ ተወስደው መንሳፈፍንና 25 ሜትር መዋኘትን በተግባር ቢማሩ። የአንድ አውቶቡስ ወጪ ነው። ሶደሬን የመሰለ ቦታ ለሽርሽር ከታሰበ ለትምህርትም ሊታሰብ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ለማስተማር ልምምድ በምንወጣባቸው ትምህርት ቤቶች ከዝናብ ወራት በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለውሃ ጥንቃቄ ብንሰጥ። ምንም ወጪ የለውም። ብቻህን ውሃ አትግባ፤ የሞላ ወንዝ አትሻገር፤ ጓደኛህ ሲሰጥም ዘለህ አትግባ፤ እንጨት አቀብለው፣ ገመድ ወርውርለት፣ ጮኸህ ሰው ጥራ። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ገመድ ታስሮበት ከኩሬው አጠገብ ቢቀመጥ የሰው ነፍስ ያተርፋል። ይህንን ማስተማር ያቃተው መምህር ምን ሊያስተምር ነው?

ሦስተኛ፣ ገንዳ ያለባቸው ከተሞች ለትምህርት ቤቶች ግልጽ የዋና ውድድር እንዲከፍቱ፣ የዞናችንም ልጆች እንዲጋበዙ በየመድረኩ ብንጠይቅ። ሰዓቱ ይጻፍ፤ ስሙ ይለጠፍ። ከዚያ በኋላ የሚላከው ሰው ይሸነፍ እንኳ ብቻውን አይሸነፍም።

ብራዚል 56 ዓመት ፈጅቶባታል። እኛ ዛሬ ብንጀምር ወርቁን ምናልባት እኛ አናየውም፤ የምናስተምራቸው ልጆች የሚያስተምሯቸው ልጆች ያዩት ይሆናል። እስከዚያው ግን ከኩሬ ዳር በሰላም የሚመለስ ልጅ በየዓመቱ ማየት እንችላለን፤ ለእርሱ 56 ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም።

ይህ የእኛ አስተያየት ነው። የተለየ ሐሳብ ያለው ሠልጣኝም ሆነ መምህር ጽፎ ይለጥፍ፤ ግድግዳው ሰፊ ነው።