ካልኩሌተር ለእኛ ከተፈቀደ

ሞያሌ ላይ ስዋሂሊ ሳንችል ከኬንያ ነጋዴ ጋር ስንት ዓመት ተገበያየን? ካልኩሌተር አውጥተን ዋጋውን ጽፈን እናሳየዋለን፤ እሱ አጥፍቶ የራሱን ይጽፋል። «እነዚህ አይገባቸውም» ያለን የለም። ኦቲዝም ያለበትና የማይናገረው የ18 ዓመት ልጃችን ስልኩ ላይ የእንጀራ ፎቶ ነክቶ ሲያሳየን ግን «በአፍህ ተናገር!» እንለዋለን።

በክፋት አይደለም። ሥዕል ከለመደ ጭራሽ አፉን አይፈታም ብለን ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ ግን በደንብ የተጠኑ 27 ሰዎችን አይቶ፣ በሥዕልና በምልክት መግባባት ጀምሮ ንግግሩ የቀነሰበት አንድም አላገኘም። አብዛኞቹ እንዲያውም ትንሽ ጨምረዋል።

«አሁንማ አድጓል፣ አልፎበታል» የሚሉም አሉ። እኛ ደግሞ ያደገው ይብስበታል እንላለን። የሰባት ዓመቱን ልጅ እናቱ ፊቱን አይታ ታውቅለታለች። የ18 ዓመቱን ጥርሱን ሲያመውና ግድግዳ ሲመታ «ጠባዩ ተበላሸ» ብለን እናልፈዋለን። ስለዚህ ምግብና ሽንት ቤት ብቻ ያለበት ሰሌዳ አይበቃውም። «ያመኛል»፣ «ብቻዬን ተዉኝ»፣ «አባዬ መቼ ይመጣል?» ይግቡበት። ለሴት ልጅ የወር አበባና «አትንኩኝ» የግድ ናቸው፤ እኛ መንገድ ላይ ነን፣ ቤት ማን ገባ ማን ወጣ አናይም። ከሁሉ በፊት ግን «አልፈልግም» ይግባ። ሲነካውም እሺ እንበለው፤ ካልሰማነው ለምን ይነካዋል?

ውድ ታብሌት አያስፈልግም። የገዛ ብርጭቆውን፣ የገዛ በራችሁን ፎቶ አንሱ። ከፎቶው ሥር ድምፅ መቅዳት የሚያስችሉ ነፃ አፕሊኬሽኖች አሉ። ድምፁ ግን የእናቱ አይሁን፤ ጎረምሳ በእናቱ ድምፅ ሲናገር አስቡት! እኩያው የአጎቱ ልጅ ይቅዳለት። ባትሪ ያልቃልና የወረቀቱ ቅጂ ከኪሱ አይጥፋ።

ሲያጠፋ ስልኩን የምንቀማም አለን። ጨዋታውን ዝጉበት፣ ሥዕሎቹን ግን ተዉለት። እኛንስ በዋጋ ስንጣላ ካልኩሌተራችንን የሚነጥቀን አለ?

ከእኛ ጋር ኬላ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስዋሂሊ «ኦቲዝም አለብኝ፤ አልናገርም፣ ግን እሰማለሁ። ጊዜ ስጡኝ» የሚል ካርድ አሠሩለት፤ ከሥሩ የእናንተ ስልክ ቁጥር ይጻፍ። ፎቶ ኮፒ ቤቶች ላሚኔት ያደርጉታል። ፖሊሱ ሲጠይቀው መጀመሪያ እሱ ያውጣው፣ እኛ አንቅደም።