ስኳሩ ከበራዱ ይውጣ

ዛሬ ስለ ሻይ እናውጋ።

ቡና ሲፈላ ተቆጣጣሪው ብዙ ነው። ሲቆላ “አረረ” የሚል አለ፤ ሲቀዳ “አልሰከነም” የሚል አለ፤ አቦሉ ቀጥኖ ከተገኘ ያ ቤት ይታማል። ሻይን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በራድ ውስጥ ውሃ ይደረጋል፣ ሻይ ቅጠሉ በግምት ይበተናል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ይጣልበታል፣ ስኳሩ በሾርባ ማንኪያ ይገለበጥበታል፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲንተከተክ ይቆይና ፔርሙዝ ውስጥ ይገባል። ከዚያ እስከ ማታ ይጠጣል። ቅር ያለው ሰው ቢኖር እንኳ “ስኳር አነሰው” ከማለት አያልፍም። ስሙን በየቦታው እናነሳዋለን፤ ሰው ስንጋብዝ “ሻይ ቡና እንበል” እንላለን፣ ጉርሻውም ጉቦውም “ለሻይ” እየተባለ ይሰጣል። አፈላሉን ግን የሚጠይቅ የለም።

የእኔ ነገር አንድ ነው፦ ያን ሁሉ ስኳር የምንጨምረው ሻዩን ስለምናበላሸው ነው። በወጉ የፈላ ሻይ ብዙ ስኳር አይፈልግም። ጉዳዩ የምላስ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ገጽ ላይ ባላመጣሁት፤ ግን የጤና ነገር አለበት።

አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ከሁለት ዓመት በፊት የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ተነገራቸው። ሐኪሙ ስለ እንጀራው መጠን፣ ስለ ፓስታው፣ ስለ እግር ጉዞው ሲያስረዳቸው በትዕግሥት አዳመጡ። ሻይ ላይ ሲደርስ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ወደ እኔ ዞረው፣ “ልጄ፣ ያለ ስኳርማ ከሆነ ሙቅ ውሃ ብጠጣ አይሻለኝም?” አሉኝ።

በቀን አምስት ብርጭቆ ይጠጡ ነበር፤ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ። አንድ ልክ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። ስታባዙት በቀን 60 ግራም ነው፤ ያውም ከሻይ ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ውስጥ ከተጨመረ ስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል። ይህ ሁለተኛው ልክ ለአዋቂ ሰው 25 ግራም ገደማ፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ይህም ለጤነኛው ሰው የተባለ ነው።

“ሙቅ ውሃ ይሻለኛል” ሲሉ ግን እውነታቸውን ነበር። በዚያን ጊዜ የቤታችንን ሻይ የምታፈላው ሠራተኛችን ነበረች፤ የለመደችው ልክ መግቢያው ላይ እንደነገርኳችሁ ነው፣ በየቤቱም የሚደረገው ይኸው ነው። ከዚያ ሻይ ላይ ስኳሩን ብታወጡት የሚቀረው ምላስ የሚያደርቅ፣ ጉሮሮ የሚይዝ መራራ ነገር ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሻይ ቅጠል ትኩስ ውሃ ሲያገኝ ደስ የሚለውን ሽታና ቀለም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ይሰጣል። እየቆየ ሲሄድ ታኒን የሚባለው አፍን የሚያደርቀው ነገር እየበዛ ይመጣል። ከካፋው ውሽውሽም ይምጣ ከኢሉባቦሩ ጉመሮ፣ ሱቅ የምናገኘው ጥቁር ሻይ በአብዛኛው ደቃቅ ነው፤ ደቃቅ ሻይ ደግሞ ያለውን ሁሉ ቶሎ ይለቃል። እሱን ሩብ ሰዓት ማንተክተክ፣ ከዚያም ከነቅጠሉ በራድ ውስጥ ትቶ ደጋግሞ ማሞቅ፣ መራራነትን እንደ መጭመቅ ነው። ያን መራራ ለመሸፈን ስኳር ይመጣል። ስኳሩ ሲበዛ ደግሞ “ሻዩ ቀጠነ” ይባልና ቅጠል ይጨመራል።

“ታዲያ እንደ ፈረንጆቹ የፈላ ውሃ ቅጠሉ ላይ እናፍስ?” የሚለኝ አይጠፋም። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆርጅ ኦርዌል በ1946 እ.ኤ.አ. ስለ ሻይ አፈላል በጋዜጣ ላይ 11 ደንቦች አውጥቶ ነበር። አንዱ ደንብ ውሃው ቅጠሉን በሚነካበት ቅጽበት ገና እየፈላ መሆን አለበት የሚል ነው። ሌላው ደግሞ ስኳር የሚጨምር ሰው የሻይ ወዳጅ ነኝ ማለት አይችልም የሚል ነው፤ በዚህኛው ከአማቴ ጋር ባይገናኙ ጥሩ ነው። ግን ኦርዌል የሚጽፈው ለንደን ሆኖ ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን ከዚያም ዝቅ ይላል፣ ድሬዳዋ ወደ 96 ይጠጋል። ያንን 92 ዲግሪ ውሃ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ውስጥ ስታፈሱት ወዲያው ይወርዳል። ካፌ ውስጥ ክር ያለው የከረጢት ሻይ ሲቀርብላችሁ ቀለሙ ብቻ መጥቶ ጣዕሙ የሚቀረው አንድም በዚህ ነው። እሳት ላይ ማፍላታችን ለደጋ ሰው የተገባ ነው፤ ቋንቋችንም “ሻይ አፍላ” ነው የሚለው። የሚስተካከለው ቅደም ተከተሉና ሰዓቱ ነው።

እኛ ቤት አሁን እንዲህ ነው የሚፈላው። ለአራት ብርጭቆ ሻይ አራት ተኩል ብርጭቆ ውሃ በበራድ ይጣዳል፤ ግማሿ ለሚተነው ናት። ገና ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ የጣት ግማሽ የሚያህል ቀረፋ፣ ሦስት ፍሬ ቅርንፉድና ሁለት ፍሬ ሄል ይገባበታል፤ ሄሉ ከነልጣጩ በሙቀጫ አንዴ ብቻ ይመታል። ተከድኖ ይፈላል፣ ከፈላ በኋላም ስድስት ሰባት ደቂቃ ይቆያል። ቅመም ቀስ ብሎ ነው ያለውን የሚሰጠው፤ ሻይ ቅጠል ደግሞ ችኩል ነው። ሁለቱን እኩል ማስገባት ስጋና ቲማቲም አብሮ እንደ መጣድ ነው። ውሃው የቀረፋ ቀለም ሲይዝ እሳቱ ይቀነስና ሁለት የሻይ ማንኪያ ቅጠል ይጨመራል፤ ሦስት ደቂቃ። ሰዓት እያያችሁ ይሁን፣ በግምት ሦስት ደቂቃ አሥር ይሆናል። ከዚያ ይወርድና በአንድ ጊዜ፣ በማጥለያ፣ ሁሉም ወደ ፔርሙዝ ይገለበጣል። በራዱ ውስጥ ቅጠል ላይ የሚቀር ሻይ አይኖርም። ፔርሙዙ ውስጥም ከሁለት ሰዓት በላይ አናቆየውም፤ ድጋሚ ቢፈላ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው።

ፔርሙዙን ራሱን ሽቱት። የትናንት ቡና የነበረበት ከሆነ ቅመም አያድነውም።

ዝንጅብል የሚወድ ቀጠን አድርጎ ከቅመሙ ጋር ይጨምር። ሎሚ ግን እሳት ላይ አይገባም፤ ብርጭቆው ውስጥ ነው የሚጨመቀው።

ስኳሩስ? ስኳሩ በራድ ውስጥ አይገባም። የዚህ ሁሉ ወሬ ፍሬ ነገር ይኼ ነው። በራድ ውስጥ የተጨመረ ስኳር ለቤተሰቡ ሁሉ እኩል ይወስናል፤ ለስኳር ታማሚዋም፣ ለአራት ዓመቱ ልጅም፣ ቀኑን ሙሉ ሲሸከም ለዋለው ወጠምሻም። ስኳር በስኳር ዕቃው፣ ከነማንኪያው ትሪው ላይ ይቅረብ፤ ሁሉም የራሱን ይለካ። እንግዳ ሲመጣም “ስንት ላድርግልዎ?” ብሎ መጠየቅ ንፉግነት አይደለም። በእኛ ሀገር ስኳር ማብዛት የደግነት ምልክት ሆኖ መቆየቱን አውቃለሁ፤ በተለይ ስኳር ከሸማቾች ሱቅ በሰልፍ በሚገኝበት ጊዜ ጣፋጭ ሻይ ማቅረብ ትልቅ ክብር ነበር። ግን ስኳር ያለበት ሰው በየለቅሶ ቤቱና በየማኅበሩ ሲዞር፣ “አይ፣ አልጠጣም” ማለት እያሳፈረው ስንት ብርጭቆ እንደሚውጥ አስቡት።

አማቴን አንድ ቀን ተነስተን አልከለከልናቸውም። በመጀመሪያ ሻዩ ብቻ ተለወጠ፤ ስኳሩ ሦስት እንደሆነ ቀረ። “ዛሬ ጣፈጠብኝ” አሉ፣ ራሳቸው። ሁለት ተኩል ሆነ። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ስንቀንስ ምላሳቸው ብዙም ሳያኮርፍ ተከተለን። አሁን ግማሽ ማንኪያ ላይ ናቸው፤ ከዚያ እንዲወርዱ አልጨቀጭቃቸውም። በቀደም አንድ ቤት ሄደን የቀረበላቸውን ሻይ አንዴ ቀመስ አደረጉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “ልጄ፣ ይኼ የሳል ሽሮፕ ነው እንዴ?” አሉኝ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልበል። “ቀረፋ ስኳር ያወርዳል” እየተባለ መድኃኒት የሚያቆሙ ሰዎች አሉ። አማቴ ኪኒናቸውን ዛሬም በሰዓቱ ይወስዳሉ፤ ቀረፋ የእኛ ቤት ሥራው ሽታ ነው። ማርም እንደዚሁ ነው። “ስኳር ትቼ በማር ነው የምጠጣው” የሚል ሰው ያው ስኳር እየጠጣ ነው፤ ሰውነቱ ከንብ መምጣቱን አይቶ አይምረውም።

ሁለተኛው ነገር የሰዓት ነው። ሽሮ፣ ምስር ወይም ጎመን በልተን እጃችንን ሳንታጠብ ሻይ የምናስከትል ብዙ ነን። ያ ታኒን ያልኳችሁ ነገር ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያውካል። ጤነኛና ስጋ የሚበላ ጎልማሳ ብዙም ላይጎዳው ይችላል። ደም ማነስ ላለባት፣ ለነፍሰ ጡር፣ በጾም ወራት ሥጋ ለማይበላው ግን ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል መቆየት ይጠቅማል። በምግቡ ሰዓት ብርቱካን ወይም ሎሚ ቢገኝ ደግሞ ብረቱን ለመውሰድ ያግዛል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ሻይ ጭራሹን አይሰጥም። ዳቦ በሻይ ነክሮ ማብላት ዝም ያሰኘዋል፣ ሆዱንም ይሞላል፤ ነገር ግን የሞላው ሆድ ወተቱንና ገንፎውን አይቀበልም። ከዳቦና ከሻይ ሌላ የሌለው ቤት እንዳለ አውቃለሁ፤ ለእሱ አይደለም የማወራው። እንቁላሉ መደርደሪያ ላይ እያለ ሻይ የሚነክሩትን ነው።

ይህን ሁሉ አንብባችሁ የስኳር ዕቃውን ቤት ውስጥ የማይደረስበት ቦታ እንዳትደብቁት። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም አንዳንድ የስኳር ኪኒኖችን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲዘገይበት ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይምታታበታል። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ በዚያች ሰዓት የሚያድነው ሦስትና አራት ማንኪያ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይም ለብ ያለ ሻይ ነው፤ ራሱን የሳተ ከሆነ ግን ምንም በአፉ ሳይጨመር ወደ ሐኪም ነው የሚሮጠው። እኛ ቤት ልጆቹም ሠራተኛችንም ይህን ያውቃሉ። ስኳር ዕቃው የሚቀመጠው ከፔርሙዙ አጠገብ፣ ቡፌው ላይ፣ ማንም እጁን ሲዘረጋ በሚያገኘው ቦታ ነው።