እናቲቱን የሚተው አደን



በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች፣ ሚያዝያ ሲገባ የሥራ ባልደረባችሁ «ቅዳሜ ከልጄ ጋር ተርኪ አደን እወጣለሁ» ሲል ሳትሰሙ አትቀሩም። «መሬቱ የአያቴ ነው፤ ና አብረን እንሂድ» የተባላችሁም ትኖራላችሁ። ግብዣው እቤት ሲደርስ ግን ጥያቄ ያስነሣል። ባል ደስ ብሎት ሲያወራ ሚስት፣ «ክርስቲያን ጠመንጃ ይዞ ጫካ ምን ይሠራል? ደግሞስ ሳይታረድ የሞተ በክት አይደለም ወይ?» ትላለች። ጥያቄዋ ተገቢ ነውና በዚህ እትም እንመልከተው። ሕጉ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ቨርጂኒያን ምሳሌ እናድርግ።

አብዛኞቻችን ተርኪን የምናውቀው በምስጋና ቀን ከገበያ በረዶ ሆኖ ሲመጣ ነው። የዱሩ ተርኪ ሌላ ነው። ይበራል፤ ሌሊቱን ዛፍ ላይ ያድራል፤ ዓይኑም እጅግ የተሳለ ነው። በጸደይ አውራው ጎሕ ሲቀድ ከዛፉ ላይ ሆኖ እየጮኸ ሴቶቹን ይጠራል። እንደ ተፈጥሮው ሴቷ ናት ወደ እርሱ የምትሄደው። አዳኙ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ግንድ ተደግፎ ይቀመጥና ከእንጨት በተሠራች ትንሽ ሣጥን የሴቷን ድምፅ እያሰማ አውራውን ወደ ራሱ ይጠራዋል። አውራው ይጠራጠራል፤ ይቆማል፤ ይዞራል። በዚህ መካከል እጁን ያንቀሳቀሰ አዳኝ ባዶውን ይመለሳል።

በዚህ ወቅት ሕጉ የሚፈቅደው በደረቱ ላይ እንደ ጭራ የተንጠለጠለ «ጢም» ያለውን ብቻ ነው፤ እርሱም በአብዛኛው አውራው ነው። ሴቷ በእነዚያ ሳምንታት መሬት ላይ ባበጀችው ጎጆ ከ10 እስከ 12 የሚደርሱ እንቁላሎችን ታቅፋለች፤ እስኪፈለፈሉም 28 ቀን ያህል ይፈጃል። ጫጩቶቹ ወደ ዛፍ መብረር እስኪችሉ ድረስ ደግሞ፣ 2 ሳምንት ያህል፣ ዛፏን ትታ መሬት ላይ በክንፎቿ ሸፍናቸው ታድራለች። ጌታችን ስለ ኢየሩሳሌም ሲያዝን የመረጠውን ምሳሌ አስታውሱ። እርሷ ከተገደለች የሚጠፋው አንድ ወፍ ብቻ አይደለም። አልፎ አልፎ ጢም የምታበቅል ሴት ትገኛለች፤ ሕጉ ባይከለክልም እርሷን መተው መልካም ነው።

ዘዳግም 22፥6-7ን ገልጣችሁ አንብቡ። እግዚአብሔር የወፍ ጎጆ ያገኘ እስራኤላዊ እናቲቱን ከልጆቿ ጋር እንዳይወስድ አዘዘ። ለዚህች ትንሽ የምትመስል ትእዛዝም፣ አባትና እናትን ለሚያከብር የሰጠውን ዓይነት ተስፋ ሰጠ፤ መልካም እንዲሆንለትና ዕድሜው እንዲረዝም። አደኑን አልከለከለም፤ ወሰን አበጀለት።

ወሰን ሲጠፋ የሚሆነውን አሜሪካኖች አይተውታል። ያለ ልክ በመታደኑና ደኑ በመመንጠሩ ተርኪ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከብዙ ግዛቶች ጠፍቶ ነበር። ለመመለስ በግቢ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን አሳድገው ጫካ መልቀቅ ጀመሩ። ለብዙ ዓመታት ተደከመበት፤ አልሆነም። ወፎቹ ጠግበው ያደጉ ነበሩ፤ ነገር ግን ከዱር እናት ጋር አልዋሉምና ከአውሬ መሸሸግን አላወቁም። ከ1950ዎቹ ወዲህ በዱር ያደጉትን በመረብ እየያዙ ወደ ሌላ ጫካ ሲያዛውሯቸው ግን በዙ። ዛሬ ከአላስካ በቀር በ49ኙም ግዛቶች ይታደናሉ።

ሁለት ፈረቃ የምንሠራ ወላጆች ሆይ፣ ይህን ታሪክ ሳስብ ልጆቻችን ትዝ ይሉኛል። ምግባቸው አልጎደለም፤ ልብሳቸውም አልጎደለም። ከእኛ ጋር የዋሉበት ሰዓት ግን ስንት ነው? ያ ባልደረባችሁ ልጁን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቀስቅሶ አያቱ ይቀመጥበት በነበረ ግንድ ሥር ሲያስቀምጠው፣ ስልክ ሳይነካ አብሮት ዝም ብሎ ሲጠብቅ፣ ትዕግሥትን በቃል ሳይሆን በጉልበቱ ላይ እያስተማረው ነው። ቨርጂኒያም ዋናው ወቅት ከመከፈቱ በፊት ቅዳሜና እሑድ ለልጆችና ለጀማሪዎች ለብቻ ትሰጣለች። ባለመሬቱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ከነትዳር ጓደኞቻቸው፣ ወላጆቹም ጭምር በገዛ መሬታቸው ያለ አደን ፈቃድ እንዲያድኑ ሕጉ ይፈቅድላቸዋል። እንግዶቹ እናንተ ግን ፈቃድ ሳታወጡ እንዳትወጡ።

ይሁን እንጂ አደን ቤትን ሊከፍልም ይችላል። በዘፍጥረት 25 ይስሐቅ ልቡ ወደ አዳኙ ዔሳው ያደላው ስለ ሥጋው ጣዕም ነበር፤ ርብቃ ደግሞ ወደ ያዕቆብ አደላች። በመጨረሻም የፍየል ጠቦት የአደን ሥጋ መስሎ ቀረበና ወንድማማች ተለያየ። ባል ሆይ፣ ወንዱን ልጅህን ብቻ ይዘህ ከወጣህ ሴቷ ልጅህ መስኮት ላይ ቆማ እንደምታይህ አትርሳ። ስለ እሑድም ተነጋገሩ። ቨርጂኒያ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግል መሬት ላይ የእሑድ አደንን ፈቅዳለች፤ ከአምልኮ ቤት 200 ያርድ ርቀት ውስጥ ግን ክልክል ነው። በእኔ አስተያየት ይህ በቤተ ሰብ ውስጥ ክርክር ሊያስነሣ አይገባም፤ ተርኪው ቅዳሜም ይጮኻል። ደግሞም በወቅቱ የመጀመሪያ ሳምንታት አደኑ እኩለ ቀን ላይ ስለሚያበቃ፣ «እስከ ማታ ያቆየኝ ተርኪው ነው» የሚል ባል አይታመንም!

ሚስት ስለ ጠመንጃው ብትፈራ አትሣቁባት። አንተ የሴቷን ድምፅ ስታሰማ ሌላ አዳኝም ይሰማሃል። ስለዚህ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነገር አትልበስ፤ የአውራው ራስ እነዚህን ቀለሞች ይዟልና። ከትከሻህ የሚሰፋ ግንድ ተደገፍ። የተርኪ ድምፅ ሰምተህ ወደ ድምፁ አትሹለክ፤ ጠሪው ሰው ሊሆን ይችላል። ወፉን በሙሉ፣ ጢሙንም ጭምር፣ ከኋላው ያለውንም ሳታይ ጣትህን ወደ ቃታው አታስገባ። የት መሬት ላይ ከማን ጋር እንዳለህም ባለቤትህ ትወቅ።

ወደ በክቱ ጥያቄ እንመለስ። ዘሌዋውያን 17፥13 የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ አድኖ የያዘ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍን ያዝዛል። እንግዲህ በሕጉ ዘመን እንኳ የታደነ ሥጋ ደሙ ከፈሰሰ ይበላ ነበር ማለት ነው፤ ወፉ እንደ ወደቀ ደሙን ማፍሰስ ነው። ይህም ሆኖ ባለቤትህ ሕሊናዋ ካልፈቀደላት ሮሜ 14ን አስብና አታስገድዳት፤ ለጋባዥህ ስጥ። ከፈቀደላት ግን የደረቱ ሥጋ ቶሎ ስለሚደርቅ እሳት አታብዙበት። እግሩ ጅማት የበዛበትና ጠንካራ ነውና ለወጥ ይሁን፤ ሽንኩርቱን አብዝታችሁ ቀስ ባለ እሳት ረጅም ሰዓት አብስሉት። ከሥጋው ውስጥ የጥይት ፍንጣሪውን ለቅሞ ማውጣት የባል ሥራ ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።