ከሊሙ የወጣችው አስቴር

ቡና ሲቀላ በጅማ ዙሪያ ያሉ አካባቢዎች ሌላ መልክ ይይዛሉ። አጋሮ፣ የቡ፣ ጌራ፣ ሊሙ ገነት፣ ሁሉም በለቃሚ፣ በጭነት መኪናና በእሸት ቡና ሽታ ይሞላሉ። ክረምቱን በዱቤ የገፋ ቤተሰብ ዕዳውን የሚከፍለው፣ ልጁን የሚድረው፣ ስእለቱን የሚያገባው ያኔ ነው። በዚሁ ወቅት ከአንዳንድ መድረኮች ስለ እምነት የሚነገረው ነገር ግን ውሎ አድሮ እያሳሰበኝ መጥቷል። በእግዚአብሔር መታመን የጠየቁትን ዋጋ እንደ ማግኘት፣ የሰጡትን በእጥፍ እንደ መቀበል ተደርጎ ይሰበካል። ይህን ትምህርት አምኖ የተቀበለ ገበሬ ዋጋው ሲወርድ ምን ይዋጠው? እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የቡና ገበያ ክፉኛ ሲወድቅ፣ በአገራችን ቡናቸውን ነቅለው ጫት የተከሉ ጥቂት አልነበሩም። የገበያው ቁጥር የሚቆረጠው ኒው ዮርክ ነው፤ ከሊሙ ሆኖ የሚያዝበት የለም።

መታመን ምን እንደሆነ የምታስተምረን አንዲት ሴት ግን ከዚሁ ከሊሙ ወጥታለች። አስቴር ጋኖ ትባላለች። ነጻ ሆና ተወልዳ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አደረጋት። ቀጥሎ ለሽያጭ ወደ ባሕር ተወሰደች። እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ ዐረብ ምድር የተጫነችበትን ጀልባ ጣልያኖች ቀይ ባሕር ላይ ያዙት፤ ነጻ ወጥታም ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ፣ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ባቋቋመው የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ገባች።

በሚሲዮኑ ኦኔሲሞስ ነሲብ ነበር። እርሱም የኢሉባቦር፣ የሁሩሙ አካባቢ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ነጻ የወጣ። ወንጌልን ይዞ ወደ ወገኖቹ ለመመለስ ቢነሳም መንገዱ ተዘጋበት። ያን ጊዜ ብዕር አነሳ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመተርጎሙ ሥራ የተሠራው ወደ አገር ቤት መግባት ባልተቻለባቸው በእነዚያ ዓመታት ነው።

የአስቴር ድርሻ ዘወትር ይደንቀኛል። የልጅነት ቋንቋዋን ከትዝታዋ እያወጣች መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ እ.ኤ.አ. በ1893 የታተመው አዲስ ኪዳን ሲታረም ያገለገለው ይኸው ሥራዋ ነው። ወደ 500 የሚሆኑ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች በጽሑፍ አሰፈረች፤ ብዙዎቹ በ1894 በወጣው የንባብ መማሪያ ታተሙ። መላው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ ወጣ። ሕዝብ የሚያውቀው የኦኔሲሞስን ስም ነው። የእርሷን ስም በቡና አገር መድረኮቻችን ሲነሳ መስማት ብርቅ ነው፤ ይህም ያሳዝነኛል።

እስቲ በእርሷ ቦታ ሆነን እናስበው። ከአገሯ የወጣችው ተሸጣ ነው። የምትመዘግበው ቋንቋ በባርነት የያዟት ሰዎችም ቋንቋ ነው። የምትደክምበት መጽሐፍ ከአንባቢዎቹ ይድረስ አይድረስ የሚነግራት የለም። እርሷ ግን አንዱን ቃል ጽፋ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ነቀምት የገባችው በ1904 ነው፤ ነጻ ከወጣች ከ18 ዓመት በኋላ። በልቧ የነበረውን ልናገር አልችልም፤ ሥራዋን ሳይ ግን መታመን ይህ ነው እላለሁ። ውጤቱን ለእግዚአብሔር ትቶ በእጅ ያለውን ሥራ በንጽሕና መሥራት።

ሐዋርያው ጴጥሮስ በሁለተኛ መልእክቱ ምግባራትን ሲደረድር እምነትን ያስቀድማል፤ ትዕግሥት መሐል ላይ ይመጣል፤ ፍቅር መጨረሻ። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል። እኛ ብዙ ጊዜ ሰውን ታጋሽ ሁን፣ ቸር ሁን፣ አትስረቅ ብለን እንገሥጻለን፤ እጁን የያዘውን ፍርሃት ግን አንነካውም። በመልካም ሥራ ላይ ዋናው ሌባ ፍርሃት ይመስለኛል። ቡና ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥሩ ቡና የሚገኘው የቀላውን ብቻ እየለቀሙ፣ ወደዚያው ዛፍ እየተመላለሱ ነው። ዋጋው ነገ ይወርዳል፣ ሌሊት ይሰረቃል የሚል ስጋት የያዘው ሰው ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ ያወርዳል። ሰብሳቢው አቅራቢው እንዳያከስረው ይፈራና ከገበሬው ሚዛን ላይ ይቀንሳል። ባለማሳው ለነገ እንዲተርፈው ብሎ የለቃሚዋን ሒሳብ ያሳድርባታል። ሁሉም ጧት ጸልየው የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገ በእግዚአብሔር እጅ እንዳለ የሚያምን ሰው ግን ዛሬ ሚዛኑን ሊያቀናና የለቃሚዋን ሒሳብ በዕለቱ ሊከፍል ይችላል። ያንን አንድ ቀን ያደረገ ሰው በሚቀጥለው ትንሽ ይቀለዋል፤ ምግባር የሚያድገው እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ይህን ቃል ለድሃ አፍ ማስያዣ የሚያደርጉት አሉ። ልጆቹ ተርበው ቡናው ገና ዛፍ ላይ ሳለ በርካሽ የሸጠን ገበሬ እምነት ጎደለህ ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። እርሱ የሚያስፈልገው ወቅቱ እስኪደርስ የሚያበድረው ወንድም ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ የአጫጆችን ደመወዝ ያስቀሩ ባለጠጎችን በብርቱ ቃል ይገሥጻል፤ መታመን መጀመሪያ የሚጠየቀው ማሳ፣ ሚዛንና ካዝና በእጁ ካለው ሰው ነው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ስብከቱ ሚዛኑ ድረስ ይሂድ እላለሁ። በሊሙ፣ በጎማና በጌራ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ከምእመናኖቻቸው መካከል ባለማሳዎችን፣ ሰብሳቢዎችንና አቅራቢዎችን ለቀማው ሳይጋመስ ይጥሩ። ስለ ሚዛን፣ ስለ ለቃሚ ክፍያና ችግር ለገባበት ገበሬ ስለሚሰጥ ብድር በግልጽ ይነጋገሩ። ለቃሚዎቹም ይጠሩ፤ መጀመሪያ የሚናገሩትም እነርሱ ይሁኑ።