የሙዚቃ ድግስና የአካባቢ ጥበቃ፦ ከፈቃድ መስጫ ጠረጴዛ የሚጀምር ኃላፊነት

የአደባባይ የሙዚቃ ዝግጅት ለነዋሪዎች መዝናኛ፣ ለኪነ ጥበብ ባለሙያዎች የገቢ ምንጭ፣ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ገበያ፣ ለከተማ አስተዳደሮች ደግሞ የገጽታ ግንባታ መሣሪያ እንደሆነ ይታወቃል። ይሁንና ሙዚቃው ባበቃ ማግስት በሜዳው ላይ የሚቀረው የፕላስቲክ ክምር፣ ወደ ወንዝ የሚወርደው ፍሳሽና ሌሊቱን ናፍጣ ሲያቃጥል ያደረ ጄኔሬተር የሚያደርሱት ጉዳት የማን ኃላፊነት ነው የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት የሚገባው ዝግጅቱ ከመካሄዱ በፊት ነው። ጥያቄው በተለይ አዲስ አበባን ዙሪያዋን የከበቡትን ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን በቀጥታ ይመለከታል።

ወቅቱም ጉዳዩን በትኩረት ለማየት የሚያስገድድ ነው። ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ ከጳጉሜን 3 እስከ 5 ቀን 2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተካሄደ ሲሆን፣ በ2020 ዓ.ም የሚካሄደውን 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ እንድታስተናግድም ኢትዮጵያ ተመርጣለች። እንዲህ ያለ ጉባኤ የስብሰባ አዳራሽ ሥራ ብቻ አይደለም። የኪነ ጥበብ ዝግጅቶች፣ አውደ ርዕዮችና የአደባባይ ትርዒቶች አብረውት ይመጣሉ። ስለ አየር ንብረት የሚመክር እንግዳ ከአዳራሽ ወጥቶ በፕላስቲክ የተሸፈነ ሜዳ ቢያይ በአዳራሹ የተነገረውን ቃል ማመን ይከብደዋል።

አገራችን ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸውን የሙዚቃ ዝግጅቶች ስታስተናግድ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም የቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መታደሙ ይታወሳል። የሦስተኛው ሺህ ዓመት አቀባበልን ምክንያት በማድረግም የሚሌኒየም አዳራሽ ተገንብቶ ቢዮንሴን የመሳሰሉ ዓለም አቀፍ ድምፃውያንን አስተናግዷል። ሆኖም ትልቅ መድረክ ለማዘጋጀት ያዳበርነውን ልምድ ያህል ከመድረኩ በኋላ ያለውን ሥራ የመምራት ልምድ አዳብረናል ለማለት አያስደፍርም።

ለምን ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ?

ሦስቱ ከተሞች ቀደም ሲል በኦሮሚያ ክልል በፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ሥር የነበሩ ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም ወደ ሸገር ከተማ ተጠቃለዋል። የአዲስ አበባ ክፍት ቦታዎች በግንባታ እየጠበቡ ሲሄዱ ሰፊ ሜዳ የሚፈልግ አዘጋጅ ወደ ዙሪያው ማየቱ አይቀርም። ለከተሞቹ ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ከአዳራሽና ከሜዳ ኪራይ ገቢ፣ ለወጣቶች ደግሞ ጊዜያዊ ሥራ ሊያስገኝ ይችላል።

ይሁን እንጂ የከተሞቹ አቀማመጥ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በቡራዩ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ የቧንቧ ውኃ በማቅረብ ረጅም ዕድሜ ካላቸው ግድቦች አንዱ ነው። ትንሹ አቃቂ ወንዝም ከዚሁ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ከፍታዎች ተነሥቶ መዲናዋን አቋርጦ ይወርዳል። ሰበታ የአዋሽ ተፋሰስ አካል ናት። ከእንጦጦ በስተጀርባ ያለው የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ደግሞ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይፈስሳል። በሌላ አነጋገር በእነዚህ ከተሞች ሜዳ ላይ የሚጣል ቆሻሻ በዚያው አይቀርም። ከፊሉ መዲናዋን አቋርጦ፣ ከፊሉ በአዋሽ፣ ከፊሉም በዓባይ ገባሮች አድርጎ ይጓዛል።

ቆሻሻን ወደ ጎረቤት በማሻገር መፍትሔ እንደማይገኝ ከዚህ ቀደም በከባድ ዋጋ ተምረናል። የረጲ ወይም በተለምዶ «ቆሼ» የሚባለው የቆሻሻ መጣያ ከአቅሙ በላይ በመሙላቱ በ2008 ዓ.ም በሰንዳፋ የተገነባው አዲስ ማስወገጃ ሥራ ቢጀምርም፣ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ በወራት ውስጥ ቆሞ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸው አለፈ። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም የተመረቀው የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ የተወሰነ እፎይታ ለመስጠት የታሰበ ቢሆንም፣ ዋናው ትምህርት ቆሻሻ ከምንጩ ካልቀነሰ የሚሸከመው አንድ ሰፈር መኖሩ አይቀርም የሚለው ነው። በሌላ ከተማ ሜዳ የሚደገስ የሙዚቃ ዝግጅትም ከዚህ ትምህርት ውጭ ሊታይ አይገባም።

ሕዝቡ ራሱ ለውኃ ክብር የሚሰጥ ባህል እንዳለው መዘንጋት የለበትም። በቡራዩ የሚከበረው የኢሬቻ መልካ አቴቴ በዓል ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ፣ በዜማና በጭፈራ ታጅቦ ወንዝ ዳር በመውረድ ለፈጣሪው ምስጋና የሚያቀርብበት ነው። በውኃ ዳር የሚቀርብ ምስጋና የውኃውን ንጽሕና መጠበቅንም ይጨምራል። ስለሆነም የአካባቢ ጥበቃ ደንብን ለነዋሪው ከውጭ የመጣ ሐሳብ አድርጎ ማቅረብ አያስፈልግም፤ ከራሱ ባህል ጋር ማስተሳሰር ይቻላል።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ በተለምዶ «ሃይላንድ» የሚባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ለምሳሌ 10 ሺህ ሰው የታደመበት ዝግጅት ላይ እያንዳንዱ ሰው ሁለት ግማሽ ሊትር ውኃ ቢገዛ በአንድ ምሽት 20 ሺህ ጠርሙስ ይጣላል። ባዶው ጠርሙስ 12 ግራም ቢመዝን እንኳ ክብደቱ 240 ኪሎ ግራም ይሆናል። ክብደቱ አነስተኛ ቢመስልም የሚይዘው ቦታ ሰፊ ነው፤ ቱቦን የሚደፍነውም በዚሁ ነው። በሱሉልታና አካባቢዋ የታሸገ ውኃ ፋብሪካዎች መኖራቸው ሲታሰብ፣ ከአካባቢው በውኃ ተሞልቶ የወጣው ጠርሙስ ባዶውን ተመልሶ የከተማዋን ቦይ እንዳይደፍን መጠንቀቅ ተገቢ ይሆናል።

ሁለተኛው መጸዳጃ ቤት ነው። ለምሳሌ ቢያንስ ለ100 ሴት ታዳሚዎች አንድ መጸዳጃ ይኑር እንበል። በዚህ ስሌት 5 ሺህ ሴቶች የሚታደሙበት ዝግጅት 50 መጸዳጃ ይፈልጋል። ይህ ካልተሟላ አጥር ሥርና ወንዝ ዳር መጸዳጃ መሆናቸው አይቀርም። ከአካባቢ ጉዳት በተጨማሪ የሴቶች ክብርና ደህንነት ጉዳይም ነው።

ሦስተኛው የኃይል አቅርቦት ነው። በሰዓት 40 ሊትር ናፍጣ የሚያቃጥል ጄኔሬተር ለ8 ሰዓት ቢሠራ 320 ሊትር ይጨርሳል፤ ከዚህም ወደ 860 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ብዙ አገሮች የሌላቸው ዕድል አላት። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። በሌሎች አገሮች አዘጋጆች ንጹሕ ኃይል ለማግኘት ውድ ባትሪ ሲከራዩ፣ በእኛ አገር ሜዳውን በአግባቡ ከዋናው መስመር ጋር ማገናኘት ብቻውን አብዛኛውን ሥራ ያቃልላል። በተደጋጋሚ ለዝግጅት በሚውል ሜዳ ላይ ቋሚ ትራንስፎርመርና ማከፋፈያ ሣጥን መትከል አንድ ጊዜ ወጪ ተደርጎ ለዓመታት የሚያገለግል ኢንቨስትመንት ነው። ጄኔሬተር ለመጠባበቂያ ብቻ ይሆናል።

አራተኛው ጉዞ ነው። በአውሮፓ የተካሄዱ ጥናቶች ከአንድ የሙዚቃ ፌስቲቫል ከሚወጣው በካይ ጋዝ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የታዳሚዎች ጉዞ እንደሆነ ያሳያሉ። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስመር ሦስቱን ከተሞች አይደርስም። ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ታዳሚው የሚመለሰው በግል መኪና ወይም ዋጋ በሚጨምር ታክሲ ነው። የሥራ ቀን ጠዋትና ማታ ሠራተኞችን የሚያመላልሱት የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡሶች በእረፍት ቀን ምሽት በኪራይ ቢሰማሩና ዋጋው ከመግቢያ ትኬት ጋር ቢከፈል የመኪናው ብዛት ይቀንሳል፤ የወጣቶች የምሽት ጉዞም ደህንነቱ ይጠበቃል።

የድምፅ ጉዳይም አለ። በአገሪቱ የድምፅ ብክለት መለኪያ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው መጠን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የድምፅ ማጉያው ወደ መኖሪያ ቤቶች እንዳይዞር ማድረግና የማብቂያ ሰዓትን መወሰን ወጪ የማይጠይቁ እርምጃዎች ናቸው።

ሕጉ ምን ይላል? ልምዱስ?

በሕግ በኩል ክፍተቱ ሰፊ አይደለም። በ1995 ዓ.ም የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ብክለት ያደረሰ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ለከተማ አስተዳደሮች ዝርዝር ኃላፊነት ሰጥቶ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም ያጸደቀው አዋጅ ደግሞ በተለምዶ «ፌስታል» የሚባለውን የፕላስቲክ ከረጢት ከልክሏል። የጎደለው እነዚህን ድንጋጌዎች ለአንድ ምሽት ዝግጅት በሚስማማ መንገድ ወደ ፈቃድ ቅጹ የሚያወርድ አጭር መመሪያ ነው።

ልምድ ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያሻም። ለስላሳም ሆነ ቢራ የሚገዛ ሰው የጠርሙስ መያዣ ከፍሎ፣ ባዶውን ሲመልስ ገንዘቡን መረከብ ለእኛ የቆየ ልማድ ነው። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የሰበታው ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ጠርሙስና ሣጥን በዚሁ ሥርዓት ተመላልሷል። ቆራሌው በየመንደሩ እየዞረ የሚሰበስበው፣ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ተጠግኖ ዳግም ለአገልግሎት የሚበቃው ዕቃም ዛሬ በውጭ «መልሶ መጠቀም» ተብሎ የሚሰበከው ሐሳብ ነው። ብርጭቆ በሕዝብ መሐል አደጋ ሊያስከትል ስለሚችል በጠንካራ ፕላስቲክ ኩባያ ተተክቶ 10 ብር መያዣ ቢከፈልበት፣ ታዳሚው ኩባያውን ይመልሳል፤ ቢጥለው እንኳ ሌላው አንሥቶ ያስመልሰዋል። በትልልቅ በርሜሎች የመጠጥ ውኃ ማቅረብ ሲጨመርበት የጠርሙሱ ቁጥር በእጅጉ ይቀንሳል።

ከውጭም የሚወሰድ ትምህርት አለ። በብሪታንያ የሚካሄደው የግላስተንበሪ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2019 በፕላስቲክ ጠርሙስ የታሸገ ውኃ መሸጥ አቁሟል። ኮልድፕሌይ የተባለው የሙዚቃ ቡድን በዚያው ዓመት ጉዞውን አቋርጦ ዝግጅቱን ከከለሰ በኋላ በ2022 የጀመረው ጉዞ ከቀደመው ጋር ሲነጻጸር በአንድ ትርዒት በካይ ጋዙን በ59 በመቶ መቀነሱን በ2024 አስታውቋል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ በ2017 የፕላስቲክ ከረጢት መከልከላቸው ደግሞ ጉዳዩ የሀብታም አገሮች ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

ሊነሡ የሚችሉ ሥጋቶች

ተጨማሪ ግዴታ ማስቀመጥ ጀማሪ አዘጋጆችንና አነስተኛ ባንዶችን ከገበያ ሊያስወጣ ይችላል የሚለው ሥጋት ተገቢ ነው። ከ500 ሰው በታች የሚታደምበት ዝግጅትና 20 ሺህ ሰው የሚጠራ ዝግጅት በአንድ መስፈርት ሊታዩ አይገባም። ግዴታው በታዳሚ ብዛት ደረጃ ቢወጣለት ፍትሐዊ ይሆናል። ውኃ በመሸጥ የሚተዳደሩ ወጣቶች ገቢያቸውን እንዳያጡም በኩባያ አከፋፋይነትና በሰብሳቢነት ተደራጅተው ተቀዳሚ ተጠቃሚ መሆን ይኖርባቸዋል።

ሌላው ሥጋት ፈቃድ ሰጪው ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጥና ተከታትሎ አያስፈጽምም የሚለው ነው። ለዚህ አንዱ መፍትሔ ተመላሽ የሚሆን የጽዳት ዋስትና ገንዘብ ነው። አዘጋጁ ዋስትናውን አስቀድሞ ያስይዛል፤ በማግስቱ የጽዳትና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ሜዳውን ተመልክተው በጽሑፍ ሲያረጋግጡ ሙሉው ይመለስለታል። ካልሆነ ገንዘቡ ለማጽጃ ይውላል። ይሁንና የሚመለሰው ገንዘብ በቢሮ ምልልስ የሚዘገይ ከሆነ ሥርዓቱ ተአማኒነት ያጣል። ስለሆነም አስተዳደሩ ራሱ በተወሰነ ቀን ውስጥ የመመለስ ግዴታ ሊገባ ይገባል።

በአጠቃላይ የአንድ የሙዚቃ ድግስ የአካባቢ ተጽዕኖ በአብዛኛው የሚወሰነው በመድረኩ ላይ ሳይሆን ከሳምንታት በፊት ፈቃዱ በሚፈረምበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የባህልና ቱሪዝም፣ የጸጥታ፣ የጽዳት አስተዳደር፣ የአካባቢ ጥበቃ፣ የትራንስፖርትና የመብራት አገልግሎት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ቅጽ ላይ በጋራ ቢፈርሙ አዘጋጁም ከስድስት ቢሮ ምልልስ ይድናል፣ ከተማውም ከማግስቱ ቆሻሻ። የአዲስ አበባና የሸገር ከተማ አስተዳደሮችም ወንዞቹ ድንበር እንደማያውቁ በመገንዘብ ተመሳሳይ መስፈርት ቢጠቀሙ፣ በአንዱ የተከለከለው ወደ ሌላው እንዳይሻገር ማድረግ ይቻላል። እስከ 2020 ዓ.ም ያለው ጊዜ አሠራሩን በትንንሽ ዝግጅቶች ለመሞከርና ለማረም በቂ በመሆኑ ባለድርሻ አካላት ሥራውን ከወዲሁ ሊጀምሩት ይገባል።