ሰው እየጠበቃችሁ ነው?

መቼም የአዲስ አበባ ግሮሰሪ ሽንኩርት እንደማይሸጥ ታውቃላችሁ። አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ባንኮኒ፣ ድራፍት፤ ማንም ከመንገድ ጎራ ብሎ ይቀመጣል። "ማንም" ማለት ግን ወንድ ነው ለካ! ዓርብ ማታ ሁለታችን የሰፈራችን ግሮሰሪ ስንገባ ወሬው ሁሉ ቀጥ አለ። አስተናጋጁ፣ "ሰው እየጠበቃችሁ ነው?" አለን። (እኛስ ሰው አይደለንም እንዴ?) ሁለት ጃምቦ አዘዝን።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳዋ ዶሮ ማነቂያ ስትፈርስ፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝበት ቤት ጠፋ ብለን እኛም አዝነናል። ታዲያ የቀሩት ቤቶች የጎረቤት ከሆኑ፣ እኛም እኮ ጎረቤት ነን። ያለ አጃቢ እንቀመጥ፤ ሒሳባችንን ራሳችን እንክፈል፤ አፍጥጣችሁ አትዩን።

ሁለተኛውን ስናዝዝ ከጎናችን የነበሩ አባባ የቆሎውን ሳህን ወደ እኛ ገፋ አድርገው፣ "ብሉ ልጆቼ" አሉን። በላን።