ሥራችንን ማን መረጠልን?

በቆቦና በራያ ቆላ የልጅ የሕይወት ሥራ እንዴት እንደሚመረጥ እናውቃለን። አባት «ዶክተር ይሁንልኝ» ይላል፤ እናት «የመንግሥት ሥራ ይግባልኝ» ትላለች። ልጁ ከፍ ሲል ጓደኞቹ ሳዑዲ ገብቶ ለቤተሰቡ ቤት ስለሠራው ልጅ ያወሩለታል። ፈተናውን ካለፈም ውጤቱና ምደባው ይወስኑለታል። ለብዙ ዓመታት ከ100 ተማሪ 70ው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ የሚል የመንግሥት ፖሊሲ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል «እግዚአብሔር በዚህ ልጅ ውስጥ ምን አስቀመጠ?» ብሎ የጠየቀ ማን ነው?

ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነውና። ሌላ አጥቶ መምህር የሆነ ሰው ደብተሩን አንብቦ ይወጣል፤ የሚጎዱት ልጆቻችን ናቸው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጥልቅ ጉድጓድ በሚወጣ ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። ፓምፑ ሲቆም ሥራውን የሚወድ ባለሙያ ብልሽቱን ሳይውል ሳያድር ይፈልጋል። ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ባለሙያ ግን «ነገ እመጣለሁ» ሲል የገበሬው ቡቃያ ይደርቃል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ለወላጆችና ለጉባኤያችን የምንለው አለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የእግዚአብሔር ጥሪ በዩኒቨርሲቲ በር ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ከመቶ ዘጠና ሰባት ያህሉ ልጆች ጥሪ የሌላቸው በሆኑ ነበር። አገራችን ለረጅም ዘመን ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ስትንቅ፣ «ቡዳ» እያለችም ስታርቅ ኖራለች። በዘጸአት 31 ግን እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በመንፈሱ እንደ ሞላው እናነባለን። የሞላውም ለስብከት አልነበረም፤ ወርቅና ናስ እንዲሠራ፣ ድንጋይ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነበር። የእጅ ሙያ የመንፈስ ስጦታ ከሆነ በጉባኤ ፊት ለተመረቀው ብቻ ማጨብጨብ አይገባንም። ብረት በያጁም፣ ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቀው ገበሬም ይመረቅልን። ወላጆችም «ምን ሆኖ ያኮራኛል?» ከማለት ይልቅ «ምን ሲሠራ ምሳውን ይረሳል?» ብለው ልጃቸውን ይመልከቱ። ወጣቱ ከመወሰኑ በፊት ሙያውን ከሚሠራ አማኝ ጋር ጥቂት ቀን ቢውል ከብዙ ምክር ይበልጥበታል።

ሁለተኛው ቃል ሳይመርጡ ለገቡት ነው። በመካከላችን ብዙዎች ናችሁ። ምደባ ያስገባችሁ አላችሁ፤ ችግር ያስገባችሁም አላችሁ። ዳንኤልን አስቡ። ባቢሎንን አልመረጠም፤ የንጉሥ ባለሟልነትንም አልተመኘም፤ ስሙን እንኳ ሌሎች ቀየሩበት። ሆኖም ጠላቶቹ በሥራው ስሕተት ፈልገው እንዳጡበት በምዕራፍ 6 ተጽፏል። ዳንኤልን ትጉህ ያደረገው የሥራው ጣዕም አልነበረም፤ የሚያገለግለውን ጌታ ማወቁ ነበር። ጳውሎስም በቆላስይስ 3፥23 ያንን ቃል የጻፈው ሥራቸውን የመምረጥ መብት ለሌላቸው ባሪያዎች ጭምር ነው፤ የምታደርጉትን ሁሉ ለጌታ ብላችሁ ከልብ አድርጉ ይላቸዋል።

ይህን ስንል «የማይስማማህን ሥራ እስከ ሞት ተሸከም» ማለታችን አይደለም። በር ሲከፈት መማርም፣ ሙያ መለወጥም ይቻላል፤ በጸሎትና በምክር ይሁን። ነገር ግን በሩ እስኪከፈት ድረስ ወረፋ የያዘችው እናት ሥራውን እንዳልመረጥነው አታውቅም። እርሷ የምታውቀው ፊታችንን፣ ቃላችንንና እጃችንን ነው። ለእርሷ የምንሰጣት አገልግሎት ለጌታ የምናቀርበው ነው።

እንግዲህ ገና ያልመረጠውን ልጅ እንዲመርጥ እንርዳው፤ ሳይመርጥ የገባውንም በትጋቱ እናበርታው። ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። አሜን።